የማስረዳቱ ሸክም የሻጩ ይሁን

ብራስልስ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ሚጣስ አሁንም ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች?

አዲሱን ሥራ መጀመርሽን የሰማሁ ዕለት ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ። ከውጭ ለሚገቡ ምግቦችና መዋቢያዎች የሚቀርበውን ማመልከቻ መመርመር ትልቅ አደራ ነው። ስምሽን ሰምተው የማያውቁ እናቶች ለልጆቻቸው በሚገዙት ነገር ላይ የአንቺ ፊርማ አለበት። በመልእክትሽ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጠየቅሽኝ፦ «አሁን አሁን ናኖ የተባለ ነገር ያለባቸው ፋይሎች እየመጡ ነው። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ባልተስማሙበት ጉዳይ ሕግ ምን ማለት ይችላል?» የስልክ ወሬ ለዚህ አይበቃምና በወረቀት ልመልስልሽ። የምሠራበት የሕግ ቢሮ የሸማቾችን ጉዳይ ስለሚከታተል ጥያቄሽ እዚህም የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ፤ ሰነዶቹን ፈልገሽ ስታነቢ እንዳይምታቱብሽ ብዬ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሕግ ሳይንቲስቶች ተከራክረው እስኪጨርሱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም፤ በወሬ ተነሥቶም መከልከል የለበትም። ዋናው ሥራው ማወቅ የሚገባው ሰው እንዲያውቅ፣ ያወቀውንም እንዲናገር ማስገደድ ነው። ያ ሰው ደግሞ ዕቃውን ሠርቶ ወይም አስመጥቶ የሚያተርፍበት ነው። የማስረዳት ሸክሙ በገዢው ጫንቃ ላይ ከወደቀ የቀረው ሕግ ሁሉ ከንቱ ነው።

አንቺ ኬሚስት ስለሆንሽ የናኖን ነገር አላስተምርሽም። አብረውሽ የሚሠሩት የሕግ ሰዎች ግን «ይህ ንጥረ ነገር ድሮ ፈቃድ ያገኘ ነው፤ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?» ማለታቸው አይቀርም። የሰው ፀጉር ውፍረት እስከ መቶ ሺህ ናኖ ሜትር ይደርሳል፤ የአውሮፓ ሕጎች ናኖ የሚሉት ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ያለውን ቅንጣት ነው በያቸው። አልገባንም ካሉሽ አሞሌ ጨው አስታውሻቸው። አሞሌው እንዳለ ውኃ ውስጥ ቢጣል ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ተወቅጦ ሲደቅ ግን ወዲያው ይሰራጫል። ጨውነቱ ያው ነው፤ ከውኃው ጋር የሚገናኘው ገጹ ግን እጅግ በዝቷል። ናኖ ሲሆን ደግሞ ከዚህም ያልፋል፤ ቅንጣቱ ድሮ የማይገባበት የሰውነት ክፍል ሊገባ፣ ድሮ የማያደርገውን ሊያደርግ ይችላል።

የሕጉ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኬሚካል ሕጎች የተጻፉት በስምና በክብደት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዋናው የኬሚካል ሕግ አምራቹን ወይም አስመጪውን ንጥረ ነገሩን እንዲያስመዘግብ የሚያስገድደው በዓመት ከአንድ ቶን ጀምሮ ነው። ለናኖ ቅንጣት አንድ ቶን ስንት እንደሆነ አስቢው! ፈረንሳይ ይህን አይታ በ2013 የራሷን መዝገብ ከፈተች፤ በዓመት ከ100 ግራም ጀምሮ የናኖ ንጥረ ነገር የሚያመርት፣ የሚያስመጣ ወይም የሚያከፋፍል ሁሉ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነና ለምን እንደሚውል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ኅብረቱም ሕጉን አሻሽሎ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ኩባንያዎች የናኖውን መልክ ለይተው መረጃ እንዲያቀርቡ አዟል። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ኃያል መንግሥት መሆን አያስፈልግም። በካሊፎርኒያ የምትገኘው የበርክሌይ ከተማ ምክር ቤት በ2006 የናኖ ንጥረ ነገር የሚያመርቱና የሚጠቀሙ ድርጅቶች ምን እንደያዙና ስለ ጉዳቱ የሚያውቁትን ሁሉ እንዲያሳውቁ ደንብ አውጥቷል። አንድ ከተማ ከጠየቀ አገር መጠየቅ አያቅተውም።

አሁን በደንብ እንድታጠኚው የምፈልገውን ጉዳይ ልንገርሽ፤ ኢ 171 የሚባለውን ነጭ ማቅለሚያ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ከረሜላው፣ ማስቲካው፣ የኬክ ክሬሙ፣ የኪኒኑ ሽፋን ነጭ ሆኖ እንዲያበራ የሚጨመረው እሱ ነው። ጣዕም የለውም፣ ጉልበት አይሰጥም፤ ያነጣል፣ ያሳምራል፣ በቃ። በአውሮፓ ለረጅም ዘመን ተፈቅዶ ሲበላ ኖሯል። ችግሩ ከቅንጣቶቹ መካከል በቁጥር እስከ ግማሽ የሚጠጉት ናኖ ሊሆኑ መቻላቸው ነው።

በ2017 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህን ማቅለሚያ ለመቶ ቀን በሚጠጡት ውኃ ውስጥ የተሰጣቸውን አይጦች መርምረው፣ በ40 በመቶዎቹ ትልቁ አንጀት ላይ ወደ ካንሰር ሊያመሩ የሚችሉ የመጀመሪያ ምልክቶች ማየታቸውን አሳተሙ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ተመራማሪዎቹም በሰው ላይ ይህ ይደርሳል አላሉም። ፈረንሳይ ግን አልጠበቀችም፤ በ2018 ባወጣችው ሕግ መነሻነት ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ኢ 171 ያለበት ምግብ እንዳይሸጥ አገደች። ከዚያ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ጥናቶቹን እንደገና ሰብስቦ መረመረና በግንቦት 2021 ውሳኔውን ተናገረ። የተናገረበትን መንገድ ልብ በይልኝ። «ይጎዳል» አላለም። የዘረ መል ጉዳት አያደርስም ብዬ መናገር አልችልም፣ ስለዚህ በቀን ይህን ያህል ቢበላ ችግር የለውም የሚባል መጠን ልወስን አልችልም፣ እንግዲያው ለምግብነት ደኅና ነው ተብሎ ሊቆጠር አይችልም አለ። በጥር 2022 ክልከላው ታወጀ፤ ነጋዴዎች መሸጋገሪያ ስድስት ወር ተሰጥቷቸው ከነሐሴ 2022 በኋላ ኢ 171 ከአውሮፓ ምግብ ወጣ።

ሌሎቹ በዚህ አልተስማሙም። በአሜሪካ ከምግቡ ክብደት እስከ 1 በመቶ ድረስ ዛሬም የተፈቀደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2023 ጉዳዩን አይቶ በቀን የሚወሰደውን መጠን መገደብ አያስፈልግም በሚለው አቋሙ ጸንቷል። ታዲያ ማን ነው ልክ? እኔ የሳይንሱን ክርክር ልፈታው አልችልም፤ ከሕግ ወገን ግን ፍርዴን እነግርሻለሁ። ሁሉም ወገን ጥርጣሬ እንዳለ ያያል፤ የሚለያዩት ጥርጣሬውን ማን ይሸከመው በሚለው ላይ ነው። ከረሜላውን ከማንጣት ሌላ ጥቅም ለሌለው ነገር ጥርጣሬውን የሚሸከመው ሕፃኑ መሆን የለበትም። አውሮፓ እዚህ ላይ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ያው ሕግ ማቅለሚያው በመድኃኒት ውስጥ እንዲቆይ ፈቅዷል፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ቢወገድ የመድኃኒት እጥረት ይመጣ ነበር። ይህ ሁለት ሚዛን መያዝ አይደለም። ሕመምተኛው ከኪኒኑ የሚያገኘው ጥቅም አለ፤ ከረሜላ የሚበላው ልጅ ግን ከንጣቱ የሚያገኘው የለም። የሚገኘው ጥቅም ሲተልቅ የምንቀበለው ጥርጣሬም ሊሰፋ ይችላል።

ቀጥሎ የምነግርሽ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉዳይ ሚጣን እያሰብሽ እንድታነቢው ነው። ብር ባክቴሪያን ይገድላል፤ ስለዚህ የናኖ ብር ሽታ እንዲከላከል ተብሎ በጨርቅ ላይ ይቀባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 ለአንዱ የናኖ ብር ምርት ቅድመ ሁኔታ ያለበት ፈቃድ ሰጠ። ከዚያ በፊት የተሠራው ስሌት የሦስት ዓመት ልጅ ልብሱን ሲያኝክና ሲለብስ ምን ያህል ብር ወደ ሰውነቱ ይገባል የሚል ነበር። የኤጀንሲው የራሱ ደንብ የደኅንነት ልዩነቱ፣ ማለትም ጉዳት የማያደርሰው መጠን ልጁ ከሚወስደው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር፣ 1,000 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሥጋት አለ ይላል። ስሌቱ በአንደኛው ሁኔታ ልክ 1,000 ሆኖ ወጣ። ኤጀንሲው ግን ሥጋት የለም ብሎ አለፈው። አንድ የአካባቢ ተሟጋች ድርጅት ከሰሰ፤ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2013 ይህን የፈቃዱን ክፍል ሻረው። ደንቡ «ከ1,000 በታች» ብቻ ቢል ኖሮ ኤጀንሲው ያሸንፍ ነበር፤ የጻፈው ራሱ ነውና ለራሱ ቃል መታመን ነበረበት።

ያው ፍርድ ቤት በ2017 ሌላ የናኖ ብር ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ሻረ። ያኔ ኤጀንሲው ይህ ምርት ለሕዝብ ይጠቅማል ያለው፣ በተለመደው ብር ቦታ ይተካና ወደ አካባቢ የሚገባው ብር ይቀንሳል ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ እንደሚሆን ማስረጃው የት አለ ብሎ ጠየቀ፤ አልነበረም። እህቴ፣ ዳኞቹ ስለ ናኖ ብር ከኤጀንሲው ኬሚስቶች የበለጠ አያውቁም። የጠየቁት ባለሥልጣኑ ደንቡን ማክበሩንና ቃሉን በማስረጃ መደገፉን ብቻ ነው። ይህን ለመጠየቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጽናት ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ ግን ፍርሃት አይደለም፤ ይህንንም እንድትይዥልኝ እፈልጋለሁ። በመጋቢት 2006 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ «ማጂክ ናኖ» የሚባል የመታጠቢያ ቤት ርጭት ገበያ ላይ ዋለና በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች መተንፈስ አቃታቸው፤ አንዳንዶቹ ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ሆስፒታል ገቡ። ምርቱ ወዲያው ተሰበሰበ። ጋዜጦች ናኖ ሰው አሳመመ ብለው ጻፉ፤ ይቁም የሚል ጩኸትም ተነሣ። ሲመረመር በዕቃው ውስጥ የናኖ ቅንጣት አልተገኘም። ስሙ ለገበያ ማድመቂያ የተለጠፈ ነበር። ሰዎቹን ያሳመመው ነገር እውነተኛ ነው፤ ጥፋቱ የተጫነበት ግን ሌላ ነበር። ሻጩ በውስጡ ያለውን በትክክል የማሳወቅ ግዴታ ቢኖርበትና መዝገቡ በተቆጣጣሪው እጅ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ ባልፈጀ ነበር።

ማስረጃው ደካማ የሆነ ጥንቃቄም ፍርድ ቤት ሲደርስ ይወድቃል። የአውሮፓ ኮሚሽን ያንኑ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በዱቄት መልኩ ሲተነፈስ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦት ነበር። አምራቾች ከሰሱ፤ የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት በኅዳር 2022 ምደባው የተመሠረተበት ጥናት በአግባቡ አልተመዘነም ብሎ ሻረው፤ የበላዩ ፍርድ ቤትም በነሐሴ 2025 ይግባኙን ውድቅ አድርጎ ውሳኔውን አጸናው። የምግቡ ክልከላ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አልተነካም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ስትከለክዪም ስትፈቅጂም ፋይልሽ በዳኛ ፊት መቆም የሚችል ይሁን።

ናኖን ጠላት አድርገሽ እንድታዪውም አልፈልግም። በኮቪድ ዘመን የመጡት የኤም አር ኤን ኤ ክትባቶች መልእክታቸውን ወደ ሴል ያደረሱት በናኖ የስብ ቅንጣት ተጠቅልለው ነው። በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ፣ በአሩሻ፣ ታንዛኒያዊው ኬሚካል መሐንዲስ አስክዋር ሂሎንጋ አሸዋንና የናኖ ንጥረ ነገርን አጣምሮ የውኃ ማጣሪያ ሠርቶ በ2015 የብሪታንያ ሮያል የምህንድስና አካዳሚ የሚሰጠውን የአፍሪካ ሽልማት አሸንፏል። ንጹሕ ውኃ የሚናፍቅ ሕዝብ ይህን ቴክኖሎጂ በፍርሃት ደጁን ሊዘጋበት አይገባም። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ዘርፍ የሚመራመሩ ወገኖች አሉን። ጥሩ ሕግ ለነዚህ ሰዎች መንገድ ነው፤ የሠሩት ነገር ሲመሰገን ሰው የሚያምነው፣ የሚያምነው መርማሪ ሲኖር ነውና።

ወደ አገራችን ልምጣ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) በእጅሽ ነው፤ የምግብንም የመዋቢያንም ደኅንነት የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷችኋል። አንድ ነገር አውሮፓ ሲታገድና ሌላ አገር ሲፈቀድ ዕቃው ወደሚፈቀድበትና ወደማይጠየቅበት ገበያ ይሄዳል። የማይጠይቅ ገበያ እንዳንሆን እፈራለሁ። በአውሮፓ የመዋቢያ ሕግ መሠረት ናኖ የሆነ ንጥረ ነገር በዝርዝሩ ላይ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ «ናኖ» ተብሎ ይጻፋል፤ ልዩ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ከስድስት ወር በፊት ለኮሚሽኑ ማሳወቅ ግድ ነው። ለፀሐይ መከላከያ ቅባት የተፈቀደው የናኖ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ እስከ 25 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ወደ ሳንባ በሚገባ ርጭት መልክ ግን አይፈቀድም። ቆዳ ላይ የሚቀባውና የሚተነፈሰው አንድ አይደሉምና። ገላጭ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። እማዬ ቅባት ስትገዛ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ዝርዝር አታነብም። አንድ የመንግሥት ሰው አንብቦልኛል ብላ አምና ነው የምትገዛው። ያ ሰው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ፋይል ሲቀርብልሽ የሚከተሉትን ሳታገኚ እንዳትፈርሚ። በውስጡ ናኖ የሆነ ነገር መኖሩን፣ ካለም የቅንጣቱን መጠን አምራቹ በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። የደኅንነት ጥናቱ የተሠራው በዚያው በናኖው መልክ ላይ እንጂ በትልቁ ቅንጣት ላይ አለመሆኑን እዪ። ንጥረ ነገሩ ወደ ሰውነት የሚገባው በአፍ ነው፣ በቆዳ ነው ወይስ በሳንባ ብለሽ ለዪ። ምን ጥቅም ያስገኛል ብለሽም ጠይቂ፤ ጥቅሙ ማሳመር ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ይመዝን። ዱቄቱን በፋብሪካ የሚያቦካውን፣ የሚያሽገውን ሠራተኛም አትርሺው፤ ከማንም አስቀድሞ የሚተነፍሰው እሱ ነው።

የመጨረሻውን ነገር የምነግርሽ ስለምኮራብሽ ነው። በ1898 ሉሲ ዲን የምትባል የብሪታንያ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ስለ አስቤስቶስ ብናኝ ሪፖርት ጻፈች። መንግሥት ከቀጠራቸው የመጀመሪያዎቹ ሴት ተቆጣጣሪዎች አንዷ ነበረች። ብናኙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ የሾለ መሆኑን፣ ሠራተኞቹንም እየጎዳ መሆኑን በግልጽ አስፍራለች። ጽሑፉ በመንግሥት ሪፖርት ታተመ፤ የተነቃነቀ ግን አልነበረም። የመጀመሪያው የአስቤስቶስ ደንብ የወጣው በ1931 ነው፤ ብሪታንያ ፈጽማ የከለከለችው ደግሞ በ1999። በመካከሉ የሞተውን ሰው ቤቱ ይቁጠረው። በ2008 በኤዲንብራ የተመራ ጥናት ረጃጅም የካርቦን ናኖ ቱቦዎች በአይጦች ላይ አስቤስቶስን የመሰለ ጉዳት ማድረሳቸውን ሲያሳይ፣ በ2014ም የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከነዚህ ቱቦዎች አንዱን ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ ሲመድበው፣ እዚህ ብዙዎቻችን ያሰብነው የሉሲ ዲንን ሪፖርት ነው። የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ ያየችውን ሰምቶ ፋብሪካውን «አስረዳ!» የሚል ሕግ ነው።

አንቺ የምትጽፊውም ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ተከታተዪው። አለቆችሽ «ይህ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው» ቢሉሽ፣ ለማከም አቅም ያነሰው አገር አስቀድሞ ለመጠየቅ የበለጠ ምክንያት አለው ብለሽ መልሺላቸው። አስመጪው ቢቆጣ ይቆጣ፤ የደበቀው ከሌለ መልስ መስጠት አያቅተውም። ሕጉ ሥልጣኑን ሰጥቶሻል፤ ትምህርቱም አለሽ። ጠይቂ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ፣ መልስ ያላመጣ ፈቃድ አያግኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሚጣንም እቀፊልኝ።

የምትወድሽና የምትኮራብሽ
እህትሽ